የአባዬ ቅንፎች

ጥር 5
ትልቁ ኮምፒውተር ሞተ። አለቃዬ ለጥገና ልኮት በምትኩ መዳፍ የምታክል ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «በዚህ ተይቢ፣ ያው ነው» አለኝ። ያው ነው? በቀኝ በኩል የሚደረደሩት የቁጥር ቁልፎች የሏትም! ትምህርተ ጥቅስ የማወጣው በእነሱ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ስተይብ እጄ ለምዶታል። አሁን ጥቅስ ስፈልግ ድምፁ ይጠፋል፣ ስክሪኑ ይጨልማል... ጥቅስ ግን የለም።

ጥር 6
የአባዬ መጽሐፍ ገና ግማሽ ነው። የመንገድ ቀያሽነት ዘመኑን በስድስት ደብተር ጽፎ እንድተይብለት ሰጥቶኛል። ጥር 16 ደግሞ የዓይን ቀዶ ጥገና አለው። ሐኪሙ «ተስፋ አለው» አለ እንጂ «ያያል» አላለም። አባዬ «ከዚያ በፊት ታትሞ በዓይኔ ልየው» አለኝ። በዕድሜው ሌላ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። መጽሐፉ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ወሬ! ሾፌሩ እንዲህ አለ፣ እማዬ እንዲህ አለች... ገጹ ሁሉ ጥቅስ በጥቅስ።

ጥር 8
ጥቅሱን ከምልክቶች ሰንጠረዥ እየለቀምኩ ስለጥፍ ዋልኩ። ስድስት ገጽ። ስድስት! አለቃዬ አንገቱን አስግጎ «ምነው ዘገየሽ?» ይለኛል። አራት ነጥቧ እንኳ ሦስት ጣት ትፈልጋለች። ጣት ከየት ላምጣ? ላፕቶፗን በመስኮት ልወረውራት ምንም አልቀረኝ።

ጥር 9
ዘዴ መጣልኝ። በጥቅሱ ቦታ ቅንፍ እያደረግኩ እሄዳለሁ፣ ቅንፍ አንድ ቁልፍ ነው። መጨረሻ ላይ ቅንፉን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ወደ ጥቅስ እቀይራለሁ። እስከዛሬ የት ነበርኩ?

ጥር 14
ጨረስኩ! ቅንፉን ሁሉ ወደ ጥቅስ ቀይሬ፣ አትሜ ወሰድኩለት። ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ርዕሱን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «የኔ ነው?» አለ። እንባዬ መጣ። ጥቂት ገጽ እንዳነበበ ዓይኑ ደከመበት። «የቀረውን ነገ እናትሽ ታነብልኛለች» አለ።

ጥር 15
ወይ ጉዴ! ምን ነካኝ?
ደብተሮቹን ልመልስለት ስሰበስብ አየሁት። አባዬ ራሱ ቅንፍ ይጠቀማል! በአፉ ያለውን በጥቅስ፣ በልቡ ብቻ ያለውን በቅንፍ። ከቁልፎቹ ጋር ስታገል ልብ አላልኩትም። አሁን በታተመው ላይ በልቡ ያለው ሁሉ በአፉ ያለው ሆኗል። ዋና መሐንዲሱን ፊት ለፊት «አንተ ደደብ» ብሎታል! እሱስ ይሁን። እኔ ሳልወለድ የሞተው ወንድሜ ጋ ግን... ያኔ አባዬ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነበር፣ የመጣው ልጁ በሞተ በሦስተኛው ቀን ነው። ለእማዬ ያላት፣ «ሥራ ነው፣ ምን ላድርግ?» ቀጥሎ በቅንፍ፣ መምጣት እችል ነበር፣ ፈራሁ።

በሩጫ ቤት ሄድኩ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ እያነበበችለት ነው። እዚያው ገጽ ላይ ቆማለች።
«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን መቼ አልከኝ?»
«እማዬ፣ የኔ ስህተት ነው፣ ላፕቶፗ...» ስል አባዬ በእጁ ዝም አሰኘኝ።
«አላልኩሽም» አላት።
መናገር ሲጀምር ወጣሁ። በሩን ዘጋሁላቸው። እስኪመሽ አልተከፈተም።

ጥር 16
ሐኪም ቤት፣ ወረፋ። ላፕቶፗን ጭኔ ላይ አድርጌ የአባዬን ቅንፎች አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ስልሳ አንድ ቦታ! አሁንም እረግማታለሁ።
አባዬ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «የእናትሽን ቦታ እንዳትነኪያት።»
«በጥቅስ ትቅር?»
«ትቅር። ትናንት ብያታለሁ።»
«በሠላሳ ስምንት ዓመቱ!» አለች እማዬ። እጁን ግን አልለቀቀችም።