በወንዙ መካከል የቆመው ወልደ ዮሐንስ

ውድ የልጅ ልጄ ጽጌሬዳ፣

በባሕር ዳር የሚጠብቅሽ የአባቶቻችን አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ሰው ሁሉ «ዓይንዎን ማን አበራልዎ?» ሲለኝ «እግዚአብሔር፣ በሐኪም እጅ» እላለሁ። እውነት ነው። ነገር ግን ከሐኪሙ በፊት አንቺና ያ ጨዋታሽ ነበራችሁ፤ ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ይከነክነኛል።

በሐምሌ ለዕረፍት መጥተሽ ከጓደኞችሽ ከሃናና ከባምላክ ጋር በጠረጴዛችን ዙሪያ ትቀመጡ ነበር። ሃና ታሪኩን ትመራለች፤ እናንተ የየራሳችሁን ሰው ፈጥራችሁ በእርሱ አፍ ትናገራላችሁ፤ ያሰባችሁት ይሳካ እንደሆነ ዳይስ የምትሉት ባለ ቁጥር ጠጠር ተጥሎ ይፈርዳል። «አባባ፣ አንድ ሰው ጎድሎናል፤ ይግቡልን» አልሽኝ።

«ያልሆንኩትን ‹እኔ ነኝ› ብዬ? ‹በሐሰት አትመስክር› የተባለውስ?»

«ጌታችን በምሳሌ ሲያስተምር ዋሸ እንዴ?»

ረታሽኝ። ሰውየውን ወልደ ዮሐንስ አልነው። ነጥብ ሰጥተሽ ለጉልበቱ፣ ለብልሃቱና ለጥበቡ እንዳከፋፍል ስታዝዢኝ፣ ለጥበቡ ከሁሉ ያነሰውን ሰጠሁት፤ ራሱን ጥበበኛ የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ባምላክ በሳቅ ፈረሰ። «የኔታ፣ እንዲህ ከሆነማ ዶሮም ይገድለዋል!»

ቀጥለሽ «ወልደ ዮሐንስ ምን ይፈራል?» አልሽኝ። መፍጠር አልሆነልኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የተማርኩት የተቀበልኩትን ቃል ሳልጨምር ሳላጎድል ማስተላለፍ ነው። ስለዚህ ከማውቀው ሰው ወሰድኩለት።

«ዓይኑ ፈዟል» አልኩ። «ድጓውን በቃሉ ስለሚያውቀው ገጹን እየገለጠ ያነበበ ይመስላል። ተማሪዎቹ የሚጽፉትን የዜማ ምልክት ግን ማረም አቅቶታል። ይህ ከታወቀ ወንበሩን ለሌላ መምህር ይሰጡበታል።»

«ሸጋ ሰው ነው! ምነው ታዲያ ለአንድ ሰው እንኳ አይነግርም?» አለ ባምላክ። አንቺ ግን እርሳስሽን አስቀምጠሽ ዓይን ዓይኔን አየሽኝ።

ጨዋታው ቀጥሎ ከሞላ ወንዝ ደረስን። የጣልኩት ዳይስ ከፋብኝና ወልደ ዮሐንስ መካከሉ ላይ መሻገሪያው ጠፋው። ያንቺ ሰው ሴት ሽፍታ ነበረች፤ የመሪጌታ የልጅ ልጅ ለራሷ የመረጠችው ይህን ነው!

«አያ ወልደ ዮሐንስ፣ እጅዎን ይስጡኝ።»

«እጄን ለሽፍታ አልሰጥም።»

«ሽፍታም ቢሆን ዓይን አለው።»

በጠረጴዛው ላይ እውነተኛው እጅሽ እውነተኛ እጄን ያዘው፤ ሃና መብራት ጠፋ ብላ ጨዋታውን እስክታቆም ድረስም አልለቀቅሽኝም።

በማግሥቱ ወደ መናኸሪያ ስሸኝሽ «አባባ፣ ወልደ ዮሐንስ ሐኪም ቤት ቢሄድስ?» ብለሽ ሌላ ሳትጨምሪ ተሳፈርሽ። ስለ እኔ ብትጠይቂኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር። ስለ እርሱ ግን ሳስብ ሰነበትኩ፤ አሳዘነኝም። ከፍልሰታ በኋላ ታላቁን ተማሪዬን የሻውን ጠርቼ «ዓይኔ አያነብም፤ ሐኪም ዘንድ ውሰደኝ» አልኩት። ወንበሬን በዚያች ቃል የለቀቅኩ መስሎኝ ነበር።

«ዓምና ነው ያወቅነው፣ የኔታ» አለኝ ጎንበስ ብሎ። «ምልክቱን እርስ በርሳችን ስንተራረም ነው የቆየነው። እርስዎ እስኪነግሩን ነበር የምንጠብቀው።»

የቀኝ ዓይኔ ሞራው ተገፎለታል፤ ግራው ተራውን ይጠብቃል። የልጆቹን ምልክት ዛሬ አረምኩ፤ ጥቂት ስሕተት ብቻ አገኘሁ፤ ደስም አለኝ፤ ትንሽም ቅር አለኝ።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። ለገና ስትመጪ ለሃና ንገሪልኝ፤ ወልደ ዮሐንስን በተአምር እንዳትፈውስብኝ። ገና ወንዙ መካከል ነው፤ የያዘችውም ሽፍታዋ ናት። እንደ ፈዘዘ ይሻገር። ማዶ ሲደርስ ዓይኑን የምናበራበትን መንገድ እኔ ዐውቃለሁ።

እስከዚያው እጁን እንዳትለቂው።

አያትሽ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል፣
ከጎንደር፣ በገዛ እጄ ጻፍኩት