ሰንበት የሚያከብረው ጋኔን

ልደታ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ? የዚያ አገር ብርድ እንዴት አድርጎሃል? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለወጉ ነው እንጂ መልስህን አውቀዋለሁ፤ እግርህ ቢቆረጥ እንኳ ደህና ነኝ ነው የምትለው። ስለዚህ ደብዳቤህን ያመጣልኝን ጨው ነጋዴ፣ ከሊፋን፣ አስቀምጬ መረመርሁት። ከስቷል፣ ጢሙም አድጓል፣ ሳቁ ግን እንዳለ ነው አለኝ። ሳቅህ ካለ ሌላው ይመለሳል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆትህን ግን አልቻልሁትም።

በደብዳቤህ የወንዙን ድልድይ ጣልያኖች ይዘውታል፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ሰው አያሳልፉም፣ ዋና የማይችል ወደዚህ አይሻገርም፣ ስለዚህ አርፈሽ ልደታ ተቀመጪ ብለህ ጽፈሃል። የባሌን ቃል መቼ ጥሼ አውቃለሁ? አርፌ ተቀምጫለሁ። ብቻ ተቀምጦ መዋል ሰውነት ያስራልና ከጥቅምት ጀምሮ ለጤናዬ ያህል ዋና እየተማርሁ ነው። ለጤናዬ ብቻ፤ ሌላ እንዳይመስልህ።

አትሳቅ። አስተማሪዬ ደሚቱ ናት፤ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ጌሾ የምትሸጠው፣ አዋሽ ዳር ተወልዳ ያደገችው። ጣልያኖች ለመንገዳቸው ድንጋይ ሲያወጡበት ከርመው የተዉት ጉድጓድ ከሰፈራችን በታች አለ፤ ክረምቱ ሞልቶት ኩሬ ሆኗል። ደሚቱ ደረቴ ላይ ሁለት ቅል አሰረችና ገፍትራ ጣለችኝ። ያን ቀን የጠጣሁት ውሃ ለአንድ በቅሎ ይበቃ ነበር። ቆይታ አንዱን ቅል ፈታችው፣ ቀጥላም ሌላውን፤ ጥቅምት ሳያልቅ ያለ ቅል ከዳር እዳር ደረስሁ። በዚያ ሰሞን በአቅራቢያው ያለውን መጋዘን የሚጠብቀው ሽማግሌ ጣልያን መጥቶ ምን እንደምንሠራ ቢጠይቀን፣ ደሚቱ ስፖርት፣ ስፖርት አለችው። ሰውየው ደስ ብሎት አጨበጨበልን። ከዚያ ወዲህ ባየኝ ቁጥር እጁን እያወናጨፈ እንዴት መቅዘፍ እንዳለብኝ ያሳየኛል። የሚያስተምረኝ ለምን እንደሚሆነኝ ቢያውቅ እጁን ኪሱ ይከት ነበር።

የነቢያት ጾም ከገባ ወዲህ ግን ነገር ተበላሸ። ዋኝቼ ስወጣ ምድር ትዞርብኝ ጀመር። አንድ ማክሰኞ እግሬ ዳሩን እንደረገጠ ዓይኔ ጨለመ፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው ደሚቱ ሁለት እግሬን ሽቅብ ይዛ በኦሮምኛ ስትቆጣኝ ነው። ነፍሴ ስትመለስ አፈጠጠችብኝና ይህ ነገር ወንዝ መካከል ቢይዝሽ ማን ያወጣሻል? ካልለቀቀሽ ማዶ የሚባለውን እርሺው አለችኝ። ማዶ ያለችው እሷ ናት፣ እኔ አላልሁም። አለቀስሁ፣ ምን እደብቅሃለሁ። አንተ የሄድህ ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀስሁም።

ጎረቤታችን ታየች መታመሜን ለመስማት ማን ቀድሟት! ጤናዳም አሸተተችኝ፣ ዓይኔን ገልጣ አየችና የውሃ ጋኔን ነው የለከፈሽ ብላ ፈረደች። ጠበል ያዢ አለችኝ፣ ያዝሁ። ጠበል በባዶ ሆድ እንደሆነ ታውቃለህ፤ እህል የምቀምሰው ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፣ የምዋኘውም ከዚያ በፊት ጸሐይዋ ስትሞቅ ነው። ማዞሩ ባሰ። ታየች ግን ይኸው፣ ጋኔኑ ሊለቅሽ ሲል እየተቆጣ ነው እያለች ታጽናናኛለች።

በመጨረሻ የንስሐ አባታችን መምሬ ሀብተሥላሴ ዘንድ ሄድሁ። ሰውነት ለማጠንከር ዋና እየተማርሁ እንደሆነ፣ ጋኔንም እንደለከፈኝ ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና እሑድስ ትዋኛለሽ ወይ አሉኝ። አዎ፣ ከቅዳሴ መልስ ምሳዬን በልቼ እዋኛለሁ አልሁ። ታዲያ ያን ቀን ያዞርሻል? ሳስበው ለካ ቅዳሜም እሑድም አንድ ቀን አዙሮኝ አያውቅም። እንግዲያማ ይህ ሰንበት የሚያከብር ጋኔን ነው አሉና ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ልጄ፣ ርቦሽ ነው እኮ! አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የጾምሁት ጾም ይጥለኛል ብዬ በምን ልጠርጥር? ጾሜ በሽታ ይሆናል ብላ ታየችም አላሰበችም።

ሳቃቸውን ጨርሰው ረጋ አሉ። ጾም የሚቀለው ለሕመምተኛ፣ ለነፍሰ ጡርና ለመንገደኛ ነው፤ ሕመምተኛ አይደለሽም፣ ነፍሰ ጡር እንዳልልሽ ባልሽ ከሄደ ቆይቷል አሉኝ። ስለ መንገድ አንዲት ቃል አልተነፈስሁላቸውም ነበር። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው በይ ፈቅጄልሻለሁ፣ በሶሽን በጥብጠሽ ጠጪና ዋኚ፤ ያን ልጄንም ሳሚልኝ አሉኝ።

አሁን ጠዋት በሶ፣ ቀትር ላይ ቆሎ ነው። ማዞሩ ሙልጭ ብሎ ጠፋ። ኩሬውን ሳላርፍ ደጋግሜ እመላለስበታለሁ። ደሚቱም ኩርፊያዋን ትታ ከከሊፋ ጋር ስለ መንገድ ስንቅ ሹክ ሹክ ማለት አብዝታለች። የተጎዳው ስሜ ብቻ ነው፤ ታየች በጾም ጠዋት ስበላ አይታኝ ይቺ ሴትዮ ጣልያን ሆነች ብላ ከአብነት እስከ ሰንጋ ተራ አዳረሰችው። ትናንት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ነበሩ። ከፋኝ፣ አልዋሽህም። ግን እውነቱን ለታየች ብነግራት እስከ ማታ ጣልያኑም ይሰማዋል። ስለዚህ ይሙኝ ብዬ ቆሎዬን እቆረጥማለሁ።

ልደታ ማርያም ከጥይትም ከብርድም ትሰውርህ። አብረውህ ላሉት ወንድሞቻችን ሁሉ ያውላችሁ ያሳድራችሁ በልልኝ። ጢምህንም እንዳትላጨው፣ እኔው አይቼ እፈርድበታለሁ። ለዚህ ደብዳቤ መልስ አትላክ፤ ቢመጣም እዚህ የሚያነበው ሰው የለም። ይልቅስ የጥምቀት ሰሞን፣ ከሊፋ ጨዉን በሚያሻግርበት ዳር፣ አንድ ደረቅ ጋቢ ይዘህ ቁም።

ሚስትህ