ከፊት ወንበር ተቀምጣ «አልመጣችም» ስለተባለች ተማሪ

ለተከበሩ ዶክተር ኬልቪን ስትራውብ
የስተርጅን ሪቨር ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሬጅስትራር
ሚሺጋን

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከነሙሉ ጤናዎ፣ ከነመልካም ስሜትዎና ከማይሳሳተው ኮምፒውተርዎ ጋር በሰላም እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ቬልማ ሁክስትራ በዚሁ ከተማ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አዛውንት ሳጥብ፣ ሳገላብጥና ሳጎርስ የኖርኩ የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ስሆን፣ የነርስነት ትምህርት ቤት ለመግባት አንድ የአናቶሚ ኮርስ ብቻ ነው የጎደለኝ። ነገሩን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ቢሮዎ አምስት ጊዜ ተመላልሼ ስላጣሁዎትና ጋዜጣ ግን ጠዋት ጠዋት እንደሚያነቡ ስለሰማሁ ነው።

በኦገስት መጨረሻ፣ በትምህርቱ የመጀመሪያ ቀን፣ መምህርታችን ዶክተር አይሪስ ኮል እየተነሳን እንድንተዋወቅ ጠየቁን። እኔም ተነስቼ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ጀርባ ሳሽ ኖሬያለሁ፤ አሁን ደግሞ ከቆዳው ሥር ያለው አጥንት ስሙ ማን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው» ብዬ ክፍሉን አሳቅሁ። የተዋወቅሁ መስሎኝ ነበር። ለካስ በኮሌጅዎ ደንብ መተዋወቅ ማለት በኢንተርኔት ወደ ክፍሉ ገጽ ገብቶ ስለ ራስ ሦስት አስገራሚ ነገሮችን መጻፍ ኖሯል፤ ይህንን እስከ አሥረኛው ቀን ያልጻፈ ተማሪ «ፈጽሞ አልመጣም» ተብሎ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሰርዘዋል። በዚህ መሠረት አራት ክፍለ ጊዜ ከፊት ረድፍ ተቀምጬ ስማርና አንድ ፈተናም ወስጄ ሳበቃ፣ ፈጽሞ እንዳልመጣሁ በክብር ተገለጸልኝ። ስለዚህም የሚከተሉትን ምስጋናዎች ሳላቀርብ ማለፍ ነውር ሆነብኝ።

1ኛ፣ የመስኮት ሠራተኛዎን ወጣቱን ብሬዲን አመሰግናለሁ። የዶክተር ኮልን የስም መጥሪያ፣ በቀይ እስክሪብቶ የታረመ ፈተናዬንና ራሴን ይዤ ፊቱ ብቆም፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «እዚህ ግን አልመጡም ነው የሚለው» አለኝ። «እስቲ ልጄ፣ ቀና በልና እየኝ» ብዬ ብለምነው ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱም ቀላ። ከዚያ መልሶ ስክሪኑን አየና በሐዘን «አይ፣ አልመጡም» አለ። በልጁ አልፈርድም፤ የሚያየውን እንዳያምን ያስተማረው ሰው ግን የሚደነቅ መምህር ነው።

2ኛ፣ የይግባኝ ኮሚቴዎን አመሰግናለሁ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ሲሆን፣ ዘግይቶ መመዝገቢያው የሚዘጋው ደግሞ ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ ነው። የመምህርቷ ፊርማ እንደ ማስረጃ እንደማይቆጠርና ደንቡን አስቀድሜ ማንበብ እንደነበረብኝ በደብዳቤ ሲገልጹልኝ፣ በሁለት ገጽ የተጻፈው ነገር «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ከሚለው ተረት አላለፈም። ተረቱ ቢያንስ አጭር ነው።

3ኛ፣ ወንበሬን ሳይውል ሳያድር ለተጠባባቂ ስለሰጡልኝ አመሰግናለሁ። የደረሳት ጄኔሳ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። መመዝገቧ ሲነገራት ግራ ገብቷት ክፍል ድረስ መጥታ ነገሩን ስትሰማ ራሷን ያዘች፤ «ውይ ሚስ ቬልማ! እኔ እኮ ይሄንኑ ኮርስ ሌላ ኮሌጅ ጀምሬ ይሄኛውን ረስቼው ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ ኮምፒውተሩ ነው ያስገባኝ!» አለች። ልትለቅልኝ ብሬዲ ዘንድ ሄዳ ነበር፤ ብትለቅ ወንበሩ ከእሷ ቀጥሎ ለተሰለፈው ሰው እንጂ ለእኔ እንደማይደርስ ተነገራት። ስለዚህ በመዝገብዎ ላይ የምትማረው ጄኔሳ ስትሆን፣ እርሷ በሌላ ከተማ እየተማረች፣ ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ክፍሉ ሞልቷል በመባሉም ሁላችንም ደስ ብሎናል።

4ኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። የነርስነት ትምህርት ቤቱ ማመልከቻ የሚቀበለው በዓመት አንዴ፣ በጃንዋሪ ነው። በደንብዎ የሳይንስ ኮርስ አምስት ዓመት ሲሞላው ይሻራል፤ እንደ ወተት ቀን ተቆርጦለታል። የእኔ ኬሚስትሪ የሚሻረው በመጪው ሜይ ነው። ይህ አናቶሚ ካልተመዘገበልኝ የዘንድሮው ማመልከቻ ያልፈኛል፣ ለከርሞ ስደርስ ደግሞ ኬሚስትሪው የለም፤ እሱን እንደገና ስማር ባዮሎጂው ይከተለዋል። ፈርቻለሁ፣ ዶክተር ስትራውብ። ጉልበቴ ሰው እያነሳ የሚኖርበት ዘመን እያለቀ ነው፣ ሌላም የማውቀው ሥራ የለኝም። አንሶላ ሳነጥፍ የእጅ አጥንቶችን ስም እቆጥራለሁ፤ ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ፤ ቁጭ ካልኩ ቀኖቹን መቁጠር እጀምራለሁና አንድ ቦታ አልረጋም።

5ኛው ስለ መኪና ማቆሚያው ነበር፤ ስድብ ስለበዛበት ቀድጄዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ የአጋማሹን ፈተና ተፈትነን ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ፤ ዘጠና ስድስት። ዶክተር ኮል ወረቀቱን ይዘው የውጤት መዝገባቸውን ገለጡና «ቬልማ፣ የት ልጻፍልሽ? መስመር የለሽም እኮ» አሉኝ። ወረቀቱ አሁን በመሳቢያቸው ተቀምጧል። ክቡርነትዎን የምለምነው ያንን አንድ መስመር ብቻ ነው። ሦስት አስገራሚ ነገሮች ካስፈለጉም፦ ተመዝግቤያለሁ፤ መጥቻለሁ፤ አሁንም እየመጣሁ ነው።

በመዝገብዎ መሠረት ያልነበርኩት፣ በፊታችን ማክሰኞም እንደ ወትሮው ከፊት ረድፍ ተቀምጬ የማልገኘው፣ ታማኝና ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ቬልማ ሁክስትራ

ማስታወሻ፦ እኛ ዘንድ የሚኖሩት እናትዎ ደህና ናቸው። ይህን እንድጽፍ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነበር፤ «ጻፊለት እንጂ! ወረቀት ላይ ካላየው አያምንም» ብለውኛል። ከጁን ወዲህ አላየንዎትም። እሑድ እሑድ ፀጉራቸውን አበጥሬ መስኮቱ ጋ አስቀምጣቸዋለሁ፤ አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር ሰው ሊያነሳ ሲመጣ «ተዉት፣ የልጄ ነው፤ ይመጣል» ይላሉ። የጠያቂዎች መዝገብ በእኔ እጅ ነው ያለው፤ ስምዎን አልሰረዝኩትም።