በገዛ ኮላዬ ስለታሸገው ጋራዤና ውስጡ ስለቀረው ወንበር

ለተከበሩ የአካባቢያችን የንግድ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ከተቀመጡበት ብድግ የሚሉበትን መገጣጠሚያ ሁሉ ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። እኛ እንዳለን አለን፤ ለዚህ ያበቁን እርስዎ ነዎትና ምስጋናውም ወደ እርስዎ ይሂድ።

እኔ መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ፋይል ሳገላብጥ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እጄ ከወረቀትና ከማኅተም በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አሮጌዋን መኪናችንን ከሸጥን በኋላ፣ ባዶውን በቀረው የቤታችን ጋራዥ ውስጥ አንድ መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ አንድ መሮ ይዤ አናጢነት ጀመርኩ። ለመሸጥ አይደለም፤ ማን አብዶ ይገዛኛል? የመጀመሪያዋ በርጩማዬ ሲቀመጡባት ወደ ግራ ታዘነብላለች። በጫማ መደርደሪያዬ አጠገብ ሳልፍ ባለቤቴ "ዞር በል፣ ይወድቅብሃል" ትለኛለች። ብቻ ደስ ይለኝ ነበር። የሰጋቱራው ሽታ ሲያውደኝ ቀኑ እንዴት እንደመሸ አላውቅም።

ታዲያ በክረምቱ መግቢያ ባለቤቴ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሙ ዝቅተኛ ወንበር ላይ እንዳትቀመጥ አስጠነቀቀ፤ ገበያ ላይ ያየነው ወንበር ሁሉ ደግሞ ወይ ዝቅ ያለ ነው፣ ወይ የክንድ መደገፊያ የለውም። ሕመሟን ችላዋለች፤ ያልቻለችው እኔ ብብቷን ይዤ ሳነሣት ነው። "ምነው ጆንያ አደረግኸኝ" እያለች ታለቅሳለች። ስለዚህ ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ ለክቼ፣ ክንዷ የሚያርፍበትን ለክቼ፣ ራሷ ተደግፋ የምትነሣበትን ወንበር መሥራት ያዝኩ። በዕድሜዬ የሠራሁት ቀጥ ያለ ነገር እሱ ብቻ ነው። ሦስቱን እግር አጣብቄ አራተኛውን ሳለሰልስ፣ ሁለቱ ተቆጣጣሪዎችዎ ከተፍ አሉ። ቅሬታዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ሰላምታ በመስጠት ውድ የመንግሥት ጊዜ ስላላባከኑ ከልብ አመሰግናለሁ። ረጅሙ፣ ልጌ ባስተካከልኩት ጣውላ ላይ በጭቃ ጫማው ቆሞ "ፋብሪካ ነው እንዴ?" አለ። ሁለተኛው፣ ባለ ስቴኪኒው ልበለው፣ ጥርሱን ሲጎረጉርባት የቆየችውን ስቴኪኒ ሥራዬ ላይ እንትፍ አላት። ክቡር ሆይ፣ ብዙ ነገር ችዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያቺ ስቴኪኒ ግን እስከ ዛሬ እህል ልቀምስ ስል ድቅን ትልብኛለች።

ሁለተኛ፣ ባለ ስቴኪኒው ሪፖርቱን ቁጭ ብሎ ሊጽፍ በበርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። ተው ብዬው ነበር። ከወደቀበት ሲነሣ በሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር ጨመረ፤ በዚህም መሠረት ያለ ፈቃድ የቤት ዕቃ በማምረት ብቻ ሳይሆን "ጥራቱን ያልጠበቀ ምርት ለኅብረተሰቡ በማቅረብ" ጭምር ተከስሻለሁ። ኅብረተሰቡ እንግዲህ እሱ መሆኑ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእርስዎ ሰዎች ግን ኩበቱንም ይዘው ነው የመጡት።

ሦስተኛ፣ የማሸጊያውን ወረቀት ይዘው ማጣበቂያውን ረስተው መጡ። ረጅሙ ዞር ዞር ብሎ አየና "አባባ፣ ያቺን ኮላ እስቲ ያውሱን" አለኝ። እኔ ሞኙ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ለአለቃ ስታዘዝ የኖርኩት፣ ክዳኑን ከፍቼ አቀበልኩት፤ በብሩሽ ቢቀቡት ይሻላል ብዬም አሳየሁት። በገዛ ኮላዬ በሬን አሸጉት። ወንበሩ በሦስት እግሩ፣ መሣሪያዬም እንዳለ ውስጥ ቀረ። ይህን ስጽፍ የምጸየፈው እናንተን ይሁን ራሴን አላውቅም፤ ግማሽ በግማሽ ይሁንልን።

የሚቀጥለው ስንተኛ እንደሆነ ንዴቴ አስረስቶኛል። ማመልከቻ ይዤ ብመጣ፣ መስኮት ሦስት ላይ ያለችው ሠራተኛ እሽጉ የሚነሣው ንግዱ መዘጋቱን የሚገልጽ ማስረጃ ሲቀርብ ነው አለችኝ። ንግድ የለኝም አልኳት። ከሌለዎት የሚዘጋ የለም፣ የሚዘጋ ከሌለ ማስረጃ የለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፈቃድ ያውጡና ከዚያ ይመልሱት አለችኝ፣ ያውም ፈገግ ብላ። ፈቃዱን ላወጣ ስሄድ ደግሞ ማምረቻው ክፍት ሆኖ ካልታየ አይሰጥም ተባልኩ። ጉድ እኮ ነው! ዘጠኝ ጊዜ ተመላለስኩ፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በዘመኔ "ነገ ይመለሱ" እያልኩ የሸኘኋቸው ሰዎች ፊት አንድ በአንድ እየመጣ ያፈጥጥብኛል። አሁን ነው የገባኝ፤ አስጠሊታ ሰው ነበርኩ። እርስዎም ነዎት።

ከዚያ በኋላ ዝም አይነቅዝም ብዬ አርባ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ውሃ መጠጣት ቀነሰች። ምነው ብላት፣ ብዙ ከጠጣሁ ብዙ ጊዜ ታነሣኛለህ አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ሕግ አስከበርኩ ሲል ያስከበረው ይህንን ነው።

እንግዲህ ስለተደረገልን ቁጥጥር ሁሉ፣ እሷ ማጎንበስ ስለማትችል የእሷንም ድርሻ ጨምሬ፣ መሬት ድረስ አጎንብሼ እጅ እነሣለሁ። የሚሽከረከረው ወንበርዎ ያለ እንከን ይሽከርከርልዎ።

ከማያልቅ አክብሮትና ከማይበርድ ቅያሜ ጋር፣
የአንድ መላጊያና የአንዲት ሚስት ባለቤት፣
የመዝገብ ቤቱ ጡረተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለውን ጽፌ ለባለቤቴ ባነብላት "ልመናህን ጨረስክ?" አለችኝ። ትናንት ጠዋት በከዘራዋና በትከሻዬ ተደግፋ እስከ ጋራዡ በር ሄደች። ቢላ አምጣ አለች፤ አመጣሁ። እሽጉን ራሷ ፍቃ አነሣችው፤ እኔ አልነካሁም። አራተኛውን እግር ከሰዓት በኋላ ገጠምኩ፤ ኮላው ዛሬ ደረቀ። ክሱን ሲያዘጋጁ እንግዲህ በእኔ ስም እንዳይሳሳቱ፤ ጥፋተኛዋ እሷ ናት፤ ይህንንም ጻፍልኝ ያለችው እሷው ናት። ፍርድ ቤትም እንቀርባለን። ዳኛው ሲገቡ ተነሡ ከተባለ የማንንም እጅ ሳትይዝ ትነሣለች፤ ብቻ ወንበሯን ይዘን እንመጣለን።