የአውስትራሊያ ጉርሻ

ሰኔ 10፣ ሐሙስ ማታ

በዚህ በስደት ከተማችን ከጀፕ እስከ ዲፕስሉት ካለው ሐበሻ የካንጋሮ ሥጋ የበላሁ እኔ ብቻ ነኝ። እሺ፣ የሰጎን ሊሆን ይችላል። ሻጩ "የሚዘል እንስሳ ነው" ብሎኛል፤ ስሙን አልጠየቅኩትም። ለማንኛውም ጥርሴ ውስጥ ሁለት ቀን ከርሟል።

ይህን ዛሬ ሱቅ ውስጥ ብርድ ልብስ እያጠፍን አወራሁ። አሠሪዬ ጋሽ ሸምሱ ያመሰኳል ወይ አሉኝ፤ የሚበላ እንስሳ መሆኑን ሊያጣሩ። ያመሰኳል፣ ሆዱ ላይ ያለው ከረጢት የሚያመሰኳውን ሊያስቀምጥበት ነው አልኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ቀልድ አዋቂ በራሱ ቀልድ አይስቅም።

ወሬው የመጣው በዘይነባ ነው። ሮዘተንቪል ሰፈር ያለው ክፍሏ ከክፍሌ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ባሏ ከድር ሜልቦርን ከገባ ሦስት ዓመት። ድንበር ተዘጋ፣ በረራ ተሰረዘ፣ አሁን ገና ተፈቀደላት። በሚመጣው ሐሙስ ትበራለች። ከዚያ በፊት የኮሮና ምርመራ አለ፤ ስለዚህ ማንንም አትጠጋም። ሰላምታዋ በክርን። ታክሲ ውስጥ ማስክ በማስክ ላይ።

ከድር ምግቡን ከወዲሁ ትልመደው ብሎ ካርቶን ልኳል። ቅዳሜ ቅመሱልኝ ብላ ጠራችን፤ መስኮት ከፍታ፣ ተራርቀን። እኔ የተጠራሁት የአውስ/ያ ምግብ ባለሙያ ሆኜ ነው። አየህ ደብተሬ? በእዝባር አሳጠርኩ። የማታ ት/ቤት ፍሬ።

ሰኔ 12፣ ቅዳሜ ማታ

ምን ዓይነት ቀን! ጋሽ ሸምሱ፣ እኔ፣ ደግሞ ታደለ፣ ዲፕስሉት ስፓዛ፣ የሰፈር ሱቅ፣ ያለው የሆሳዕና ልጅ። ብርዱ በመስኮት ገብቶ አጥንት ይቆጥራል።

መጀመሪያ ኮኮናት የተነሰነሰበት ኬክ። ጋሽ ሸምሱ ደገሙ። ይህን የሚበላ ሕዝብ ክፉ አይሆንም አሉ። ቀጥሎ ጠርሙሱ። ጥቁር ቅባት፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ። ታደለ በጣቱ ጠንቁሎ ላሰ። "ኢየሱስ ጌታ ነው! ይሄ የታክሲ ሞተር ዘይት ነው!" ጋሽ ሸምሱ በጨዋ ደንብ ዋጡት፤ ለሆድ ሳይጠቅም አይቀርም ብለው ውኃ ለመኑ። ዘይነባ ፈዛ ቀረች። ዕድሜ ልኬን ይሄን ልበላ ነው? አለች።

ተነሳሁ። ሙሉ ማንኪያ ጎረስኩ። ፊቴ ንቅንቅ አላለም። "ማር ነው" አልኩ።

"ሃዉ! ፕሮፌሰር፣ ምላስህ የጎማ ነው እንዴ?" ታደለ ነው። አጨበጨቡልኝ።

ከዚያ ቅባቱን በእንጀራ ጠቅልዬ ወደ ዘይነባ። እምቢ አለች። እስክትሄድ ድረስ ከሰው እጅ አትበላም። "በሞቴ!" አልኳት። በሞቴ ተብሎ ማን አፉን ይዘጋል? ማስኳን አወረደች። ጎረሰች። ሳለች፣ አለቀሰች፣ ሳቀች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደገምኳት።

ሰኔ 13፣ እሁድ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቄ አፍንጫዬ ሥር ያዝኩ። ምንም። ጨው ላስኩ። አሸዋ። ጉንፋን ነው። ትናንት ደህና ነበርኩ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ደህና ነበርኩ። ይኸው ተጻፈ።

በሬን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ከግድግዳው ወዲያ ዘይነባ ሻንጣ ትጎትታለች። ታንጎራጉራለች።

ሰኔ 16፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

የዘይነባ ውጤት መጣ። አለባት።

ጉዞው ቀረ። አውስ/ያ የምታስገባው ሰው ጥቂት ነው፤ ሌላ ወንበር መቼ እንደሚገኝ ትኬት ሻጩም አያውቅም። ለከድር ስትነግረው በግድግዳው ሰማሁ። ጩኸት የለም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ለኔ ደወለች። "ወንድሜ፣ አፉ በለኝ" ትለኛለች። ቤቴ ጠርቼ አስይዤህ ይሆን ብላ ተጨንቃ! የምትጠረጥረው ታክሲ ውስጥ ከጎኗ ሲስል የነበረውን ሰውዬ ነው። ጣዕም ጠፍቶባታል። ያንን ጥቁር ነገር ዛሬ በማንኪያ በላሁት፣ ፊቴ ንቅንቅ አላለም፣ ልክ እንዳንተ፣ አለች። ልትስቅ ጀመረች።

መሃል ላይ ሳቋ ቆመ።

ኔትዎርኩ ነው ብዬ ዘጋሁት።

ሰኔ 17፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

አሁን አውሮፕላን ላይ ትሆን ነበር። ሻንጣው አይሰማም።

ታደለ ደወለ። እሱም ጋሽ ሸምሱም ደህና ናቸው። ፕሮፌሰር፣ ምነው ቀልድ አለቀብህ? አለኝ። አልቋል።

የአፍ ውሸት ነፋስ ይወስደዋል። የተጻፈው ግን እዚሁ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ይህን የማታ ት/ቤቱ መምህር አላስተማሩንም።

ዛሬ ሳይመሽ በሯ ላይ ርቄ ቆሜ እነግራታለሁ። ታክሲ ውስጥ የሳለው ሰውዬ በከንቱ እየተረገመ ነው። ለከድርም ራሴ እደውላለሁ። የፈለገውን ይበለኝ።

መጀመሪያ ግን ላንተ፣ ደብተሬ። ፈጥሬ የጻፍኩብህ አንድ ነገር አለ። የእሁዱ። ቅዳሜ ደህና አልነበርኩም። ቅዳሜ ጠዋት ሳሙናው አልሸተተኝም፤ ሻዩ ሙቅ ውኃ ነበር። አውቄ ነው የሄድኩት። ማንኪያውን ያነሳሁት ፊቴ እንደማይጨማደድ አውቄ ነው። እንዲያጨበጭቡልኝ።

በሞቴ ስላትም አውቅ ነበር።