ሳልቀምስ እንድውል

ሐሙስ፣ የካቲት 19

ዛሬ ጠዋት የውጭ አገሩ ቡና ገዢ ናሙናችንን ከእኛ ጋር ሊቀምስ መጣ። እኔ ደግሞ ረመዳን ይዣለሁ። ቀምሰን የምንተፋው ቢሆንም ልቤ እሺ አላለኝም። ቀማሽ ከሆንኩ ገና ዓመት ስላልሞላኝ፣ ሥራ የጠላሁ እንዳይመስልብኝ ፈራሁ። ኮሌጅ የምትማረው እህቴ ፈቲያ ትናንት «ዉድ ኢት ቢ ኦኬ ኢፍ አይ ዶንት ቴስት ቱዴይ?» የሚለውን፣ ዛሬ ባልቀምስ ይከፋ ይሆን ማለት ነው፣ አስጠንታኛለች። ከሰፈሬ ከጊንጆ ጀምሮ ባጃጅ ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ስለማመድ፣ አጠገቤ የነበሩት እናት ዚክር የማደርግ መስሏቸው «አላህ ይቀበልሽ» አሉኝ። አሚን አልኩ።

እንግዳው ማንኪያ ሲያቀብለኝ ያጠናሁትን ጠየቅኩት። «ኦፍ ኮርስ» አለኝ። ይሄኔ አለቃዬ ጋሽ ታደሰ፣ ስንቱን ሁዳዴ እየጾሙም እንግዳ አፍረው በጠዋት ሲቀምሱ የኖሩት ሰውዬ፣ ማንኪያቸውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ሚ ቱ፣ ፕሊዝ» አሉ። እንግዳው ሁለታችንንም ተመለከተን። ነገሩ ሲገባው ፈገግ ብሎ ቅምሻውን ጀምበር ጠልቃ ከመግሪብ በኋላ አደረገው።

የጋሽ ታደሰ ጾም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈታል። እሳቸው ግን ውሃ እንኳ ሳይጎነጩ አዛን እስኪል አብረውኝ ተቀመጡ።

«ኧረ እርስዎ እንኳን ይብሉ» አልኳቸው።

«እኩል ያልጾመ ምላስ እኩል አይፈርድም» አሉኝ፣ የሥራ ጉዳይ አስመስለው።

አልሐምዱሊላህ። ጠዋት ለራሴ ብቻ የጠየቅኩ መስሎኝ ነበር።