ደጃፍሽ ላይ የሚዋኙት ዓሣዎች

ልጄ ኤሌኒ፣ የጎንደር አርባ አራቱ ታቦት ባሕር ተሻግሮ ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ አጎትሽ ከመካነ ብርሃን ሸጋ ገብስ ልኮልናል።

አንድ ያፈርኩበትን ነገር ላውራሽ። ከማልዲቭስ የላክሽውን ፎቶ፣ እነዚያ የቀሚስ ጥለት የመሰሉ ዓሣዎች ከምትሠሪበት ሆቴል ደጃፍ የሚዋኙበትን፣ ለሰፈሩ ሁሉ እያሳየሁ «ልጄን ለምደው ደጇ ድረስ ይመጣሉ» ስል ሰነበትኩ።

አያ ላቀው፣ ታውቂያቸው የለ፣ ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ ሲያስሞሉ ውኃውን የሚለኩት በደረጃ ነው። የአምናውንም ፎቶሽን አስመጡና ቆጠሩ። አምና ከሆቴሉ ደጃፍ ወደ ባሕሩ ከሚወርደው ደረጃ አራቱ ከውኃው በላይ ይታዩ ነበር፤ ዘንድሮ አንድ ብቻ።

«እቴነሽ፣ ዓሣውማ አልመጣም፤ ውኃው ነው የመጣ» አሉኝ። ያ ሁሉ ቀልዳቸው የት እንደገባ እንጃ፣ ፈገግም አላሉ።

ባሕር ይሞላል ይጎድላል እንደምትይኝ አውቃለሁ። እሺ፤ እሑድ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት አንሥተሽ ላኪልኝ። አያ ላቀው ቆጥረው የሚሉትን ሳልደብቅ እጽፍልሻለሁ።

እመቤቴ በጥላዋ ትከልልሽ። ያቺ አንዲት ደረጃ ካልታየች ግን ፎቶ አትላኪ፤ አንቺው ነይልኝ።

እናትሽ እቴነሽ